የተፈጥሮ ሽቶ ከየት መጣ? ማን ለቀመው? ስንትስ ተከፈለው?

አንድ ኪሎ የጽጌረዳ ዘይት ለማግኘት ከ3,500 እስከ 4,000 ኪሎ የሚደርስ አበባ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ አበባ የሚለቀመው በእጅ ነው። ያውም በማለዳ፣ ፀሐይ ሳትበረታና መዓዛው ሳይተን፣ በዓመት ውስጥ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ። በቡልጋሪያው የካዛንላክ ሸለቆም ሆነ በቱርክ ኢስፓርታ አካባቢ ሥራው ይኸው ነው። አንድ የሽቶ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት ጠብታ የጽጌረዳ ዘይት ካለ፣ ለዚያች ጠብታ ጎህ ሳይቀድ ተነስተው ጎንበስ ቀና ሲሉ ያረፈዱ ሰዎች አሉ ማለት ነው።

ጠርሙሱን ብናገላብጠው ስለ እነዚህ ሰዎች የሚናገር ነገር አናገኝም። «መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ» የሚል ጽሑፍ አለ። አንዳንዴ የአበባ ሥዕል ይኖራል። አንዳንዴ ደግሞ የአንድ አገር ስም። በቃ።

ሰው ቆዳው ላይ የሚያርፈውን ነገር ማወቅ ይፈልጋል። ተገቢ ፍላጎት ነው። የተፈጥሮ ሽቶ ብዙ ወዳጅ ያፈራውም በዚህ ምክንያት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ጥያቄያችን መንገድ ላይ መቅረቱ ነው። ውስጡ ምን አለ እንላለን። ከማን እጅ መጣ፣ ያ ሰው ስንት አገኘ፣ ዛፉስ ለከርሞ ይኖራል ወይ ብለን ግን ብዙም አንጠይቅም። በእኔ እምነት አንድ ሽቶ አምራች እስከ ለቃሚው ድረስ ያለውን መንገድና ለለቃሚው የተከፈለውን ዋጋ ካልተናገረ «ግልጽ ነኝ» ሊል አይገባም። የአገር ስም መጥራት ብቻውን ግልጽነት አይሆንም።

መረጃው የት ይጠፋል?

በፋብሪካ የተሠራ የመዓዛ ንጥረ ነገር አድራሻ አለው። ፋብሪካውን መጎብኘት፣ መቆጣጠር፣ ጥፋት ካለም መክሰስ ይቻላል። ከመሬት የሚወጣው ግን እንዲህ አይገኝም። ፓቾሊ የሚባለውን ቅጠሉ መዓዛ ያለው ተክል እንውሰድ። የዓለም ምርት አብዛኛው የሚመጣው ከኢንዶኔዥያ፣ በተለይም ከሱላዌሲ ደሴት ነው። አምራቾቹ ትንንሽ ማሳ ያላቸው ገበሬዎች ናቸው። ቅጠሉ ደርቆ በመንደር ውስጥ ባለ ማንጠሪያ ይነጠራል። ዘይቱን የአካባቢ ሰብሳቢ ይገዛዋል። ከሰብሳቢው ወደ ትልቅ ነጋዴ፣ ከነጋዴው ወደ ላኪ፣ ከላኪው ወደ አስመጪ፣ ከዚያ ወደ መዓዛ ኩባንያ፣ በመጨረሻም ወደ ሽቶ ብራንዱ ይደርሳል።

በየእርከኑ ከየመንደሩ የመጣው ዘይት አንድ በርሜል ውስጥ ይገለበጣል። ሦስተኛው ሰው ጋ ሲደርስ የትኛው የማን እንደነበር ማንም ሊነግራችሁ አይችልም። ይህ ሲሆን አንድም ክፉ ሰው ላይኖር ይችላል። ሰብሳቢው የአንድ ዓይነት ጥራት ያለው ብዙ ዘይት እንዲያቀርብ ነው የሚፈለግበት። ይህን ማድረግ የሚችለው ደግሞ በመቀላቀል ነው። መረጃውን የሚያጠፋው አሠራሩ ራሱ ነው። እና ብራንዱ «ፓቾሊያችን ከኢንዶኔዥያ ነው» ሲል አልዋሸም። የሚያውቀው እዚያው ድረስ ነው።

ከደቡብ ሄይቲ የሚመጣው ቬቲቨርም ከዚህ አይርቅም። ሄይቲ ከዓለም የቬቲቨር ዘይት ከግማሽ በላይ የምታቀርብ አገር ናት። ተክሉ ሣር ሲሆን ዘይቱ ያለው ሥሩ ውስጥ ነው። ሥሩ በቂ ዘይት እንዲይዝ ቢያንስ ዓመት ያህል መሬት ውስጥ መቆየት አለበት። የልጁ የትምህርት ቤት ክፍያ የደረሰበት ወይም ቤቱ ሰው የታመመበት ገበሬ ግን ዓመት አይጠብቅም፤ ቀድሞ ይቆፍረዋል። ያልበሰለ ሥር የሚያወጣው ዘይት ትንሽ ነው፤ ገበሬው የሚያገኘውም ያንኑ ያህል ያንሳል። ቀጥ ያለ ተዳፋት ላይ የተቆፈረ መሬት ደግሞ ዝናብ ሲመጣ አፈሩ ይጠረጋል። እዚህ ላይ ድህነቱና የመሬቱ መራቆት አንዱ ሌላውን እየጎተተ ይሄዳል። ይህን ለመስበር በማኅበር ተደራጅተው ለአንጣሪው በቀጥታ መሸጥ የጀመሩ ገበሬዎች አሉ። ከሁሉ የሚጠቅማቸው ቅድሚያ የሚያገኙት ገንዘብ ነው። ሥሩ እስኪበስል መጠበቅ የሚቻለው በኪስ የሆነ ነገር ሲኖር ነውና።

ጃስሚን የሚለቀመው በሌሊት ነው

ግብፅ ከዓለም ጃስሚን ግማሽ ያህሉን ታመርታለች። አበባው መዓዛው የሚበረታው ሌሊት በመሆኑ ለቃሚዎች ጨለማ ሳይገፍ ነው የሚወጡት። አበባው በጣም ቀላል ነው። አንድ ኪሎ እንዲሞላ ከ8,000 እስከ 10,000 አበባ መልቀም ያስፈልጋል። ክፍያው በኪሎ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ለቅሞ የቀን ጉርሱን መሸፈን ሲያቅተው ምን ይሆናል? ልጆቹን ይቀሰቅሳል።

ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው ምርመራ ያሳየው ይህንኑ ነው። በጋርቢያ አውራጃ አንዲት እናት ከ4 ልጆቿ ጋር ሌሊት ወጥታ 1.5 ኪሎ ጃስሚን ለቀመች። ሢሶውን ለመሬቱ ባለቤት ከሰጠች በኋላ ለዚያ ሌሊት ሥራ የቀራት 1.50 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ነበር። አበባው ደግሞ ወደ ታዋቂ የቅንጦት ሽቶዎች የአቅርቦት ሰንሰለት የሚገባ ነው። ኩባንያዎቹ የሕፃናትን ጉልበት እንደማይታገሡ የሚገልጽ ፖሊሲ ነበራቸው። ፖሊሲው በወረቀት ላይ ቆንጆ ነው።

እዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ነገር ደጋግሜ አስባለሁ። አንደኛው ቁጥጥሩ ነው። ኦዲተር የሚሄደው በቀን ነው። ብዙውን ጊዜ የሚያየውም አበባው የሚረከብበትን ፋብሪካ ነው፤ መዝገብ፣ ሚዛን፣ የሠራተኛ ውል፣ የእሳት ማጥፊያ። ልጆቹ ግን የነበሩት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ማሳ ውስጥ ነው። ፋብሪካው ፈተናውን በጥሩ ውጤት ሊያልፍ ይችላል፤ ስለ ለቀማው ግን የተጻፈ አንድ መስመር አይኖርም።

ሁለተኛው ዋጋው ነው። የአንድ ሽቶ በጀት ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው። ብራንዱ ለመዓዛው ይህን ያህል ነው የምከፍለው ይላል። የመዓዛ ኩባንያው ከዚያው ውስጥ የራሱን ትርፍ ይይዛል። አስመጪው፣ ላኪው፣ ፋብሪካው እንዲሁ። የተረፈው ለለቃሚዋ ይደርሳል። ከሷ በታች ሌላ ሰው የለም፤ ጫናውን የምታስተላልፈው ለልጆቿ ብቻ ነው። የሕፃናት ጉልበት ይቁም ብሎ መፈረምና የኪሎውን ዋጋ እዚያው ማቆየት አብረው አይሄዱም። እናቲቱ ያለ ልጆቿ ለቅማ የምትኖርበት ዋጋ ስንት ነው? ከአንድ ብራንድ መስማት የምፈልገው ይህን ቁጥር ነው።

ዕጣን፦ የማይተካው ዛፍ

ከተፈጥሮ ሽቶ ጥሬ ዕቃዎች ሁሉ እኔን ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ ዕጣን ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ የሚባለው ዛፍ በሰሜናዊው ኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሱዳን ደረቅ ኮረብታዎች ላይ ይበቅላል። እ.ኤ.አ. በ2019 ኔቸር ሰስቴነቢሊቲ በተባለው የምርምር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በርካታ የዕጣን ደኖችን መርምሮ አስደንጋጭ ነገር አገኘ። ከተጠኑት ውስጥ ከሦስት አራተኛ በላይ በሆኑት ወጣት ዛፍ የለም። ያሉት አዋቂዎቹ ብቻ ናቸው። ለአሥርት ዓመታት አዲስ ችግኝ አድጎ ዛፍ አልሆነም። አጥኚዎቹ በ20 ዓመት ገደማ ውስጥ ምርቱ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል ተነበዩ።

ከሩቅ የሚያይ ሰው ደኑ ደህና ይመስለዋል። ዛፎቹ ቆመዋል፤ ሙጫ ይሰጣሉ። ከሥራቸው ግን ተተኪ የለም። ችግኙን ከብት ይበላዋል፣ ሰደድ እሳት ያቃጥለዋል። አዋቂዎቹን ጥንዚዛ ውስጥ ውስጡን ይቦረቡራቸዋል። ከዚህ ሁሉ ላይ ያልተገራ የሙጫ አወጣጥ ይጨመራል።

ሙጫው የሚወጣው ግንዱን በመፋቅ ነው። በበጋ ወራት ትንሽ ቁስል ይከፈትና ሙጫው ፈስሶ ሲደርቅ ይለቀማል። ቁስሉ በየተወሰነ ጊዜ እንደገና ይከፈታል። ልምድ ያለው ሰው የቁስሉን ቁጥር ይመጥናል፣ ዛፉን ያሳርፋል። ኪሎ እንዲሞላ የተቸኮለ ሰው ደግሞ አንድ ግንድ ላይ ብዙ ቦታ ይፍቃል፣ ዓመት በዓመትም ይመለስበታል። እረፍት ያጣ ዛፍ የሚሰጠው ዘር አነስተኛና ደካማ ይሆናል። ለዘር የሚያውለውን ጉልበት ቁስሉን ለመድፈን ያውለዋል። ይህ በጥናት የታየ ነገር ነው። ዛሬ ከልክ በላይ የወጣው ሙጫ ነገ ሊበቅል የነበረ ዛፍ ነው ማለት ይቻላል።

በሶማሌላንድና በአካባቢው ያለው ቦስዌሊያ ካርተሪም እንዲህ ዓይነት ጫና ውስጥ ነው። እዚያ ዛፎቹ ያሉት ገደላማ ቦታ ላይ ሲሆን፣ የትኛው ዛፍ የየትኛው ቤተሰብ እንደሆነ በባህል የታወቀ ነው። ለመዓዛማ ዘይት ያለው ፍላጎት ሲጨምር ዛፉን የማሳረፉ ልማድ እየላላ ሄደ።

ገዢው ይህን ሁሉ እንዴት ይወቅ? ጠርሙሱ ላይ «ዕጣን» ብቻ ነው የተጻፈው። ዕጣን ከኦማን ሊሆን ይችላል፣ ከህንድ ሊሆን ይችላል፣ ከአፍሪካ ቀንድ ሊሆን ይችላል። ዝርያዎቹ የተለያዩ ናቸው፤ ያሉበት ሁኔታም እንዲሁ። የዝርያው ስም፣ የተሰበሰበበት አካባቢና ዓመቱ ካልተገለጸ ያ ጠርሙስ የሚያርፍ ዛፍ ይሁን የሚሞት ዛፍ ውጤት መለየት አይቻልም።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ማከል አለብኝ። ይህን ሰምተው «በቃ ዕጣን አልጠቀምም» የሚሉ ሽቶ ቀማሚዎች አሉ። ስሜታቸው ይገባኛል። ነገር ግን ከዕጣን የሚገኝ ገቢ ሲጠፋ ደኑን የሚጠብቅ ምክንያትም አብሮ ይጠፋል። መሬቱ ለእርሻ ይመነጠራል፣ ዛፉ ለማገዶ ይቆረጣል። ሸሽቶ መሄድ እጅን ንጹሕ ያደርግ ይሆናል፤ ዛፉን አያድንም። የሚያድነው በልኩ ለሚያወጣ ሰው የተሻለ ዋጋ መክፈል ነው።

ተፈጥሯዊ ሲባል ሁሌ መልካም አይደለም

ሌሎቹን በፍጥነት ልለፋቸው። የብራዚሉ ሮዝውድ ዛፍ ለዘይቱ ሲባል ከመጠን በላይ ስለተቆረጠ እ.ኤ.አ. በ2010 ሳይቲስ በተባለው ዓለም አቀፍ የንግድ ቁጥጥር ስምምነት ውስጥ ገብቷል። የኡድ ምንጭ የሆኑት የአኩዊላሪያ ዛፎችም እዚያው ዝርዝር ውስጥ ናቸው። ኡድ የሚፈጠረው ዛፉ ቆስሎ ወይም በፈንገስ ተጠቅቶ ሙጫ ሲያመነጭ ነው። ከውጭ ሲታይ ሙጫ ያለውና የሌለው ዛፍ ስለማይለይ ቆራጮች ብዙ ባዶ ዛፍ ይጥላሉ። በሂማላያ የሚበቅለው ናርዶስ ደግሞ ሥሩ ተነቅሎ ስለሚወሰድ በእጅጉ የመጥፋት አደጋ ላይ ነው። ነጭ ሰንደል ጥሩ ዘይት የያዘ ግንድ ለማውጣት ብዙ ዓመት ይፈልጋል። ተክሎ የሚጠብቅ ጥቂት፣ ሌሊት ቆርጦ የሚሸጥ ብዙ ስለሆነ በህንድ የዱሩ ሰንደል ተመናምኗል።

ዝባድን ግን እንዲህ ዝም ብዬ አላልፈውም። ዝባድ ከጥርኝ የሚገኝ ቅባት ነው። ኢትዮጵያ ለዘመናት ዋና ላኪ ሆና ኖራለች። እንስሳው ጠባብ የእንጨት ማጎሪያ ውስጥ ይያዛል፤ ቅባቱም በየጥቂት ቀናቱ ከእጢው ይፋቃል። ይህ መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ ነው። ኬሚስቱ ሊዮፖልድ ሩዚችካ የዝባድ ዋና መዓዛ የሆነውን የሲቬቶንን አወቃቀር ያስረዳው እ.ኤ.አ. በ1926 ነው። በ1939 ደግሞ የኖቤል ሽልማት ካገኙት አንዱ ሆነ። ይህ መዓዛ በላብራቶሪ መሠራት ከጀመረ ቆይቷል። አንድ ቀማሚ «ሰው ሠራሽ አልነካም» ብሎ በማጎሪያ የተያዘ እንስሳ ቅባት ቢጠቀም ያከበረው ምኑን ነው? እንስሳውን እንዳልሆነ ግልጽ ነው። አንዳንድ ጊዜ የላብራቶሪው ጠርሙስ ከተፈጥሮው የተሻለ ሥነ ምግባር ያለው ምርጫ ነው። የተፈጥሮ ሽቶ ወዳጆች ይህን ለመቀበል መድፈር አለብን።

ላብራቶሪ ምን ያያል? ምን አያይም?

ውድ ዘይት ይበረዛል። የጽጌረዳ ዘይት በጄራኒየም ወይም በፓልማሮዛ ዘይት ይሞላል። ላቬንደር ውስጥ ሊናሎልና ሊናሊል አሲቴት የተባሉ ሰው ሠራሽ የመዓዛ ንጥረ ነገሮች ይጨመራሉ። ሰንደል አሚሪስ በተባለ ሌላ ተክል ዘይት ይሳሳል። የብረዛው መነሻ ብዙ ጊዜ ስግብግብነት ነው። ግን ደግሞ ገዢው ከማምረቻ ወጪ በታች ዋጋ ሲያቀርብ ሻጩ ሌላ መውጫ አይኖረውም። ከገበያው እጅግ የረከሰ የጽጌረዳ ዘይት ካያችሁ ወይ ዘይቱ የተበረዘ ነው፣ ወይ የሆነ ሰው ሳይከፈለው ሠርቷል።

ጋዝ ክሮማቶግራፊ የሚባለው ምርመራ ዘይቱን ወደ ተዋቀረበት ንጥረ ነገር ይበታትነዋል። ዘይቱ በትክክል ላቬንደር ከሆነ የእያንዳንዱ ንጥረ ነገር መጠን በሚታወቅ ክልል ውስጥ ይወድቃል። ብልህ በራዥ ግን ይህን ያውቃል፤ መጠኑን አስተካክሎ ይጨምራል። ለዚህም መላ አለ። የሊናሎል ሞለኪውል እንደ ግራና ቀኝ እጅ ሁለት ዓይነት አለው፤ ተክል ሲሠራው አብዛኛው የአንዱ ዓይነት ነው፤ ላብራቶሪ ሲሠራው ግን ግራና ቀኙ እኩል ይሆናል። ይህን የሚለይ ምርመራ አለ። ከነዳጅ የተሠራ ንጥረ ነገር ውስጥ ደግሞ በተክል ውስጥ የሚገኘው ካርቦን 14 የለም፤ በዚህም ይጋለጣል። ከጥድ ተርፔንታይን የተሠራ ከሆነ ግን የካርቦን ምርመራውን ያልፋል፤ ምንጩ ተክል ነውና። ስለዚህ አንዱ ምርመራ ብቻውን አይበቃም።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ብዙ ሻጮች የላብራቶሪ ውጤት ስላወጡ ብቻ «ፍጹም ግልጽ ነን» ሲሉ ስለማይ ነው። ውጤቱ ጠቃሚ ነው፤ ማውጣታቸውም ያስመሰግናል። ነገር ግን መሣሪያው የሚናገረው ስለ ዘይቱ ንጽሕና ነው። አበባውን የለቀመው የ7 ዓመት ልጅ መሆኑን አይናገርም። ፍጹም ንጹሕ ዘይት ፍጹም በደል ካለበት ማሳ ሊመጣ ይችላል።

ሕጉ እስከየት ደረሰ?

ሕጎች እየተንቀሳቀሱ ነው። አብዛኞቹ ግን የሚጠብቁት የተጠቃሚውን ቆዳ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው የማሸጊያና የመለያ ሕግ የንግድ ምስጢርን ስለሚጠብቅ፣ አምራቹ የሽቶውን ይዘት ሳይዘረዝር «መዓዛ» በሚል አንድ ቃል እንዲያልፈው በር ከፍቷል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የኮስሞቲክስ ሕግ ግን አለርጂ የሚቀሰቅሱ የመዓዛ ንጥረ ነገሮች እንዲገለጹ ይጠይቃል፤ ዝርዝሩ በመመሪያ የሚወሰን ነው። የአውሮፓ ኅብረትም ውህዱ በአንድ ቃል እንዲጠራ ይፈቅዳል፤ ሆኖም በስማቸው መጻፍ ያለባቸው አለርጂ አምጪዎች አሉ። ቀድሞ 26 የነበሩት እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው ደንብ ከ80 በላይ ሆነዋል። አዲስ ምርቶች ከሐምሌ 2026 መጨረሻ፣ ቀድሞ ገበያ ላይ ያሉት ደግሞ ከሐምሌ 2028 መጨረሻ ጀምሮ ይህን ማሟላት አለባቸው። በነገራችን ላይ ሊናሎል፣ ጄራኒዮል፣ ሲትራል የመሳሰሉት በተፈጥሮ ዘይቶች ውስጥ በብዛት ስለሚገኙ የተፈጥሮ ሽቶ ዝርዝር ከሌላው ሊረዝም ይችላል። ያ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ወደ ምንጩ የሚያዩ ሕጎችም ብቅ ብለዋል። ያለ ማስረጃ «ለአካባቢ ተስማሚ» እያሉ ማስተዋወቅን የሚከለክለው የአውሮፓ መመሪያ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2026 ማብቂያ ጀምሮ ይሠራል። በግዳጅ ጉልበት የተመረተ ዕቃ በኅብረቱ ገበያ እንዳይሸጥ የሚከለክለው ደንብ ደግሞ ከታኅሣሥ 2027 ጀምሮ። እ.ኤ.አ. በ2010 የጸደቀውና በ2014 ሥራ ላይ የዋለው የናጎያ ፕሮቶኮል የአንድን አገር የዘረመል ሀብት ለምርምርና ለልማት የሚጠቀም ፈቃድ እንዲጠይቅና ጥቅሙን እንዲያካፍል ያዛል። እነዚህ ጠንካራ መነሻዎች ናቸው። ግን የግዳጅ ጉልበት ሕግ በቂ ክፍያ ያላገኘችን ለቃሚ አይመለከትም። ማንም አላስገደዳትም ይባላልና። ያሠራት ችጋር ነው።

የምስክር ወረቀቶችስ? የዱር ተክል አሰባሰብን የሚመለከተው ፌርዋይልድ፣ የፍትሐዊ ንግድ ማረጋገጫው ፌር ፎር ላይፍ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የተመሠረተው የሥነ ምግባራዊ ባዮትሬድ (ከብዝኃ ሕይወት የሚገኙ ምርቶች ንግድ) ኅብረት፣ ሁሉም ከባዶ ተስፋ የተሻሉ ናቸው። አከብራቸዋለሁ። ነገር ግን ክፍያው ለትንሽ ሰብሳቢ ይከብዳል፤ ወረቀቱን የሚያገኘው ብዙ ጊዜ አቅም ያለው ላኪ ነው። ጉብኝቱም በዓመት ውስጥ ጥቂት ቀን ነው። ማኅተሙን እንደ ማረፊያ ሳይሆን እንደ መነሻ ብናየው ይሻላል።

ምስጢርና ምንጭ አንድ አይደሉም

ሽቶ ቀማሚዎች አንድ የቆየ መከላከያ አላቸው፤ «ቀመሬ ምስጢሬ ነው» ይላሉ። እስማማለሁ። የትኛውን ዘይት በስንት መጠን ከምን ጋር እንዳዋሃዱት የድካማቸው ፍሬ ነው። ነገር ግን ቬቲቨሩ ከየትኛው ማኅበር እንደመጣ መናገር ቀመሩን አያጋልጥም። የሚያጋልጠው ሌላ ነገር ነው፤ ትልቅ ኩባንያ መጥቶ ያንን ማኅበር በገንዘብ እንዳይወስድባቸው ይፈራሉ። ይህ ፍርሃት በተለይ ለትንንሾቹ እውነተኛ ነው። ሆኖም ገበሬዎቹ ሁለተኛ ገዢ ቢያገኙ የሚጎዳው ማን እንደሆነ ማሰብ ያስፈልጋል። እነሱ እንደሆኑ አይመስለኝም።

ትንሽ ቀማሚ ከአንድ አከፋፋይ 50 ግራም ዘይት ነው የሚገዛው። ወደ ሄይቲ በርሮ ማሳ እንዲጎበኝ ማንም አይጠብቅበትም። አከፋፋዩን መጠየቅ ግን ይችላል። የተክሉ ሳይንሳዊ ስም፣ የየትኛው ክፍል ዘይት እንደሆነ፣ አገሩና አካባቢው፣ የተሰበሰበበት ዓመት፣ ከዱር ይሁን ከማሳ፣ በእንፋሎት ተነጥሮ ይሁን ሄክሴን በተባለ ኬሚካል ማሟሟያ ወጥቶ፣ የዚያው የምርት ዙር የላብራቶሪ ውጤት። ጃስሚን አብሶሉት የሚባለው ጥቅጥቅ ያለ የአበባው መዓዛ በኬሚካል ማሟሟያ እንደሚወጣ ብዙ የተፈጥሮ ሽቶ ሻጮች መናገር ያፍራሉ። ለምን? ገዢው የሚከፋው ሲነገረው ሳይሆን ተደብቆበት ሲደርስበት ነው።

መልስ የማይሰጥ አከፋፋይ በዝምታው መልስ ሰጥቷል። መልስ ያልተገኘለት ዘይት ካለ ቀማሚው በድረ ገጹ ላይ «የዚህን ዘይት ለቃሚዎች እስካሁን አላወቅንም» ብሎ ይጻፍ። እንዲህ የሚጽፍን ሰው ሁሉን አውቃለሁ ከሚለው አብልጬ አምነዋለሁ። ከ200 ዓይነት ዘይት ይልቅ መንገዳቸውን በሚያውቃቸው 40 ዘይቶች መቀመም ጥበቡን አያሳንሰውም። የሮዝውድ መዓዛ የሚፈልግ ዛፉ ሳይቆረጥ ከቅጠሉ የተነጠረውን መጠየቅ ይችላል። ሰንደል የሚፈልግ በምዕራብ አውስትራሊያ በተከላ የለማውን ያገኛል።

ትልልቆቹ ብራንዶች ግን ከዚህ በላይ ይጠበቅባቸዋል። አቅም አላቸው። የሚገዙት በቶን ነው። ስለዚህ የኪሎ ዋጋን ብቻ የሚያወራ ውል ማቆም የሚችሉት እነሱ ናቸው። የዕጣን ዛፍ ይረፍ ሲባል ቢያንስ ለአንድ ዓመት ከዚያ ዛፍ ገቢ የለም። ያንን ዓመት የሚሸፍነው ማነው? ዛሬ የሚሸፍነው ሰብሳቢው ነው፤ ስለማይችልም ዛፉ አያርፍም። ገዢው ለተረከበው ሙጫ እንደሚከፍል ሁሉ ላረፈውም ዛፍ የሚከፍልበት፣ ለ5 ወይም ለ10 ዓመት የሚዘልቅ ውል ቢኖር ስሌቱ ይቀየራል። የቬቲቨሩ ገበሬም ሥሩ ሳይበስል እንዳይቆፍር የቅድሚያ ክፍያ፣ የጃስሚን ለቃሚዋም በኪሎ ሳይሆን በሠራችበት ሌሊት የሚሰላ ደመወዝ ያስፈልጋታል። እነዚህ የውል አንቀጾች ናቸው። በውሉ ውስጥ መኖራቸውን ወይም አለመኖራቸውን ብራንዱ ለገዢው በአንድ ገጽ ማሳየት ይችላል።